ያልታወቀ ፋይል ሁሉ ቫይረስ አይደለም

ጣና ዳር ካሉት የጀልባ ቢሮዎች አንዱ ጠርቶን ሄድን፣ በፍላሽ የሆነ ነገር ገብቶ ኮምፒውተሩ ተንቀራፏል፣ ወደ ዘጌ ለሚሄደው ሰው በእጅ ደረሰኝ እየቆረጡ ነበር። ሃርድ ዲስኩን ኮፒ አድርገን ፋይሎቹን በሃሽ ማጣራት ጀመርን።

ሃሽ ማለት ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ነው፣ ሻ-256 በሚባለው የሃሽ ማውጫ ስሌት ከሆነ 64 ፊደልና ቁጥር። የፋይሉን ስም ብትቀይረው ሃሹ ያው ነው፣ ውስጡ አንዲት ቢት ከተነካች ግን ሌላ ሃሽ ይወጣል። ኒስት የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም የታወቁ ሶፍትዌሮችን ሃሽ ሰብስቦ ኤንኤስአርኤል በሚባል ዝርዝር በነፃ ያወጣል፣ ከሱ ጋር ስታመሳክር የዊንዶውሱም የኦፊሱም ፋይል በብዛት ከፊትህ ይነሳልሃል፣ የቀረውን ብቻ ታያለህ። በጣም የምወደው ዘዴ ነው።

ከቀሩት መሃል ስሙን የዊንዶውስ ፋይል አስመስሎ ተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ የተደበቀ አንድ አገኘን፣ እሱ ነበር ቫይረሱ። አብሮኝ የነበረው ልጅ «በቃ ያልታወቀውን በሙሉ እናጥፋው» ሲል የቢሮው ኃላፊ ደንግጠው «ኧረ ልጆቼ ትኬት የምንቆርጥበትን እንዳትነኩብኝ!» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ የትኬት ፕሮግራሙን የሰራላቸው እዚሁ ባህር ዳር ያለ ልጅ ነው፣ አሜሪካ ያለ ዝርዝር ከየት ያውቀዋል? ደውለን ኦሪጅናሉን አስላክነው፣ ሰርትዩቲል በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ የሁለቱንም ሃሽ አወጣን፣ አንድ ሆነ፣ እኛም የራሳችን ዝርዝር ላይ መዘገብነው። ሻ-256 ያልኩት በምክንያት ነው፣ በቆዩት የሃሽ ስሌቶች፣ በኤምዲ5 በ2004፣ በሻ-1 በ2017 (በፈረንጅ)፣ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ሃሽ እንዲኖራቸው ማድረግ እንደሚቻል ታይቷል።

ከዛ ደግሞ የባሰው መጣ። ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ስናይ ከርቀት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ተጭኗል፣ ቢሮው ውስጥ ማንም አላውቀውም አለ። ዝርዝሩ ግን ያውቀዋል! በገበያ ላይ ያለ ትክክለኛ ሶፍትዌር ስለሆነ ማጣሪያው ከፊታችን አንስቶት ነበር። ዝርዝሩ የሚነግርህ ፋይሉ ምን እንደሆነ ነው እንጂ ማን ለምን እንደጫነው አይደለም፣ የሃከር መሳሪያዎች ሳይቀሩ እዛ ውስጥ ተመዝግበዋል። አጠፋነው፣ ፓስወርዶቹንም አስቀየርን።

የትኬቱ ልጅ አሁን አዲስ ቨርዥን ሲያወጣ ፋይሉን በቴሌግራም ይልካል፣ ሃሹን ግን ለብቻው በስልክ ሜሴጅ ነው የሚልከው፣ አንዱ መንገድ ቢጠለፍ ሌላው እንዲያጋልጠው። እዚህ ከተማ ሶፍትዌር የምትሰሩ ልጆች፣ እባካችሁ እንደሱ አድርጉ።