የገና አባት ማን እንደነበሩ ለልጆቻችን እንንገራቸው

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ሌሊቱን ቆማችሁ አድራችሁ አሁን ዶሮው ፊት የተቀመጣችሁ፣ ብሉልን፣ ጠጡልን። ፈቃድ ተከልክላችሁ ይህን ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት የምታነቡ ደግሞ ማታ ይድረሳችሁ።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ወላጆች ለብቻ የምለው አለኝ። ሳንታ፣ የገና አባት፣ በፈረንጆቹ ገና መጥቶ ከሄደ ዛሬ 13 ቀኑ ነው። ዛፉ ወርዷል፣ መጠቅለያ ወረቀቱ ተጥሏል፣ የግማሹ አሻንጉሊት ባትሪ አልቋል። ስጦታውን የምናስቀምጠው እኛ መሆናችንን፣ እውነቱን፣ ለልጅ ለመንገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ዲሴምበር 23 የተነገረው ልጅ በዓሉ ይበላሽበታል፤ ዛሬ ወይም በዚህ ሳምንት የሰማው ግን እስከሚቀጥለው ድረስ ለማሰላሰል ዓመት ሙሉ አለው።

ዘንድሮ ይህን ማንሳቴ በምክንያት ነው። በአዳራሻችን ለዓመታት ቀዩን ልብስ ሲለብሱልን የኖሩት ጋሼ ከፋሲካ በኋላ አርፈዋል። ልጅ ሳንታን የሚለየው በጫማው፣ በእጁና በድምፁ ነው፤ እሳቸው ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ የሚያዩትን ጫማ ቤት ትተው ጥቁር ቦቲ ያደርጋሉ። ቀለበታቸው እንዳይታይ ነጭ ጓንት ያጠልቃሉ። ጢሙን በላስቲክ ብቻ አያስሩትም፤ ሕፃን አንዴ ከሳበው አገጭ ስለሚገለጥ ከአፍንጫቸው ሥር በሁለት በኩል በሚያጣብቅ ፕላስተር ይይዙታል። ድምፃቸውን ግን ደብቀው አያውቁም። «ስምሽ ማነው የኔ ቆንጆ?» ሲሉ ልጆቹ ዓይናቸው ይፈጥ ነበር። ሳንታ አማርኛ ይችላል!

በዚህ ዲሴምበር ልብሱን ሌላ ሰው ለበሰው። ትንንሾቹ ወዲያው ነቁ። «የድሮው ሳንታ የት ሄደ?» ሲሉ አንዱ «አሞታል» አለ፣ ሌላዋ «ኢትዮጵያ ሄዷል» አለች። ለቅሶው ላይ የነበሩት የ9 እና የ10 ዓመት ልጆች ሁለቱንም መልስ ሰሙ። እኔ የከበደኝ ይህ ነው። ጨዋታው ጨዋታ ነው፤ በሞት ላይ ሲደረብ ግን ልጁ ኋላ ስለ ሞትም የምንነግረውን አያምንም። ለትንሹ «ያኛው ዘንድሮ አይመጣም፣ እኛንም ናፍቆናል» ማለት ይበቃል። ለትልቁ ግን እውነቱ ይገባዋል።

ታዲያ መቼ? እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ፣ 52 ልጆችን ያነጋገረ ጥናት ልጆቹ በአማካይ በ7 ዓመታቸው አካባቢ፣ አብዛኞቹም በራሳቸው እንደደረሱበት አሳይቷል። በልጆቹ ዘንድ ያመዘነው በጎ ስሜት ሲሆን ይበልጥ ያዘኑት ወላጆቹ ነበሩ። ስለዚህ ከዕድሜው ይልቅ ጥያቄውን ስሙ። «ጭስ ማውጫ የሌለው አፓርታማ በየት ይገባል?» የሚል ልጅ ገና እየተጫወተ ነው፤ «አንተ ምን ይመስልሃል?» በሉትና መልሱን አድምጡ። ዓይናችሁን እያየች «ማሚ፣ የእውነት ንገሪኝ፣ የምትገዢው አንቺ ነሽ?» ያለች ልጅ ግን ጨርሳለች። ያን ቀን ሳይመሽ ይመለስላት። እ.ኤ.አ. በ1897 የ8 ዓመቷ ቨርጂኒያ ኦሃንሎን ጓደኞቿ ሳንታ የለም ቢሏት አባቷ ለኒውዮርኩ «ሰን» ጋዜጣ ጻፊ አሏት፤ ጋዜጣውም አለ ብሎ መለሰላት። መልሱ ዝነኛ ሆኖ ቀርቷል፤ እኔ ግን ቤቷ ውስጥ ቢመለስላት እመርጥ ነበር። ምንም ሳይጠይቅ 10 ዓመት ያለፈውን ልጅ ደግሞ ሚድል ስኩል ከመግባቱ በፊት ባለው ክረምት እናንተው ንገሩት። እዚያ ከደረሰ የሚነግሩት እየሳቁበት ነው።

እስከዚያው ግን «ማርያምን፣ እውነት ነው!» አትበሉ። ከአፋችን ስለማትጠፋ ሳናስባት ትወጣለች፤ ልጁ ግን ይመዘግባታል። «ሳንታ ያይሃል፣ ስጦታህን ያስቀርብሃል» ብላችሁም አታስፈራሩት፤ ሁሉን ማየት የማን እንደሆነ ሰንበት ትምህርት ቤት ተምሯል። እውነቱን የሰማ ልጅ ቀጥሎ የሚጠይቀው «እግዚአብሔርስ?» ነውና። ሲጠይቅ አትቆጡት፣ አትደንግጡም። «ሳንታን ለአንተ ስንጫወትልህ ነበር፤ አንድም ቀን ግን ለሳንታ ጸልየን አናውቅም። በእግዚአብሔር እኛ ራሳችን እናምናለን፤ አንተ ተኝተህ እንኳ እንጸልያለን» በሉት። እውነት ስለሆነ አያንቃችሁም።

ንግግሩ አጭር ይሁን፣ ለብቻ ይሁን። መኪና ውስጥ ጥሩ ነው፤ ፊት ለፊት ስለማትተያዩ ለመጠየቅም ለማልቀስም ያመቻል። ታናሹ ከኋላ ወንበር ካለ ግን ይቅር። «ስጦታውን የምናስቀምጠው እኔና አባትሽ ነን። ስትደሰቺ ደስ ስለሚለን ነው» በሉና ዝም በሉ። ከዚያ የቅዱስ ኒቆላዎስን ነገር አንሱ፦ በ4ኛው መቶ ዘመን ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር የሜራ ጳጳስ እንደነበረ፣ ሴቶች ልጆቹን መዳር ላቃተው ድኻ በሌሊት ወርቅ ወርውሮለት እንደሄደ ይተረካል። በስንክሳራችንም ታኅሣሥ 10 ይታሰባል። ቀጥሎ ሥራ ስጧት፦ አንድ ሰው ትምረጥ፣ የጎደለውን ትሰልል፣ በ10 ዶላር ገዝታ ሳትታይ ታስቀምጥ፣ ለማንም አትናገር። ሰጪ የሆነ ልጅ የታናሹንም ምስጢር ይጠብቃል።

የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። የሳንታና የእናት ስጦታ በአንድ ወረቀት ይጠቀለላል፣ የካርዱ ጽሑፍ የአባት ይሆናል፣ የአማዞን ካርቶን በረንዳ ላይ ይረሳል። ጾም ላይ ያለች እናት ለሳንታ የተቀመጠውን ወተት መልሳ ፍሪጅ ስትከት ትልቁ ልጅ ያያል፤ ብስኩቱን ሰበር አድርጋ ወተቱን ብትደፋው ይሻል ነበር። አይፓዱን በሳንታ ስም አትስጡ። ትምህርት ሲከፈት ይህን የሰማ፣ ከሳንታ ካልሲ ብቻ የደረሰው ሌላ ልጅ «እኔ ምን አጠፋሁ?» ይላል። ውዱ ከእናንተ ይሁን፣ ሳንታ ትንሹን ያምጣ። ከአገር ቤት የመጡ አያትን ደግሞ ከኤርፖርት መልስ መንገድ ላይ ንገሯቸው፤ «ኧረ ጥጥ የለጠፈ ሰው ነው!» ካሉ በኋላ ማስተባበል ከንቱ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ልጅ እያለቀሰ ለአክስት ስልክ ደውሎ መሳቅ ነው። እባካችሁ!

ዘንድሮ ልብሱን የለበስከው ወንድሜ፣ «ድምፁ ሌላ ነው» ስላሉህ አትዘን፤ ደፍረህ በመግባትህ እግዜር ይስጥልን። የ«እግዚአብሔርስ?»ን ጥያቄ በትዕግሥት የምትመልሱ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ከሌሊት ፈረቃ ገብታችሁ ጫማ ሳታወልቁ ስጦታ የምትጠቀልሉ እናቶች፣ ከርሞም በጤና ያድርሳችሁ። ጢሙን በየዓመቱ አጥበው፣ አበጥረው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ የነበሩት የጋሼ ባለቤት ዘንድሮም ልብሱን ተኩሰው በእጃቸው አስረከቡን። እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት።

የጋሼ ሙት ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። 9 እና ከዚያ በላይ የሆናቸው ልጆች ያሏችሁ እስከዚያ ንገሯቸው፣ ስማቸውንም ንገሯቸው፤ ይዛችኋቸውም ኑ። እትዬን ራሳቸው ልጆቹ ያመስግኗቸው።