ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን የእንግሊዝኛ ቅጽል ስታስተምሩ፦ ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር

ሜሪላንድ ውስጥ ማታ ማታ ለጎልማሶች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላና ከሆንዱራስ የመጡ ናቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ የእኛ ሰውና የእነሱ ሰው ጎን ለጎን እንደሚኖር ሲልቨር ስፕሪንግን ያየ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ከእኛም ወገን ይህን ሥራ የሚጀምር መምህር አይጠፋም፤ የምጽፈውም ለእሱ ነው። ከስምና ከግስ በቅጥያ ቅጽል ማውጣትን ማስተማር ቀላል ይመስላል፤ አብዛኛውም ቀላል ነው። አንዱ ቦታ ግን ተማሪዬን ዋጋ አስከፍሏታል።

መጀመሪያ ቀላሉን። እንግሊዝኛ ከላቲን ወገን የወሰደውን ቅጥያ ስፓኒሽ ተናጋሪ ከቤቱ ይዞት ነው የሚመጣው። «ፋሞሶ» «ፌመስ» ይሆናል፣ «ናሲዮናል» «ናሽናል»፣ «አክቲቮ» «አክቲቭ»፣ «ኔሴሳሪዮ» «ኔሰሰሪ»። ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት ጨርሱት። መጠንቀቅ ያለባችሁ ደስ ብሏቸው በሁሉም ላይ እንዳይሠሩበት ነው፤ «ሳብሮሶ» «ቴስቲ» ነው፣ «ፔሬሶሶ»ም «ሌዚ»። በ«ኢኮ» የሚያልቁት ደግሞ ይከፈላሉ፦ «ፑብሊኮ» «ፐብሊክ» ሲሆን «ቲፒኮ»ና «ፖሊቲኮ» ግን «ቲፒካል»ና «ፖለቲካል» ናቸው። «ሴንሲብሌ» በስፓኒሽ ስሜቱ ቶሎ የሚነካ ማለት ነው፤ የእንግሊዝኛው «ሴንሲብል» ግን አስተዋይ። እንዲህ ያሉትን በመጡበት ቀን አርሙ እንጂ ዝርዝር አታስጠኑ።

«ፉል» እና «ለስ» ትንሽ ይከብዳሉ። እነዚህ በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት የነበሩ የጥንቱ እንግሊዝኛ ቅጥያዎች ስለሆኑ በስፓኒሽ ዘመድ የላቸውም። «ሆምለስ» ለማለት ስፓኒሹ «ሲን ኦጋር» ብሎ በሁለት ቃል ይሄዳል። እኛ «አልባ» እና «ቢስ» ስላሉን፣ ቤት አልባ፣ ሽቦ አልባ፣ ተስፋ ቢስ ስለምንል፣ ነገሩ ቶሎ ይገባናል፤ ለእነሱ ግን አዲስ አሠራር ነው። መጽሐፉ ባዶ ቦታ የሚያስሞላቸውን ሠንጠረዥ ትቼ ሥራ ቦታ የሚሰሟቸውን ጥንድ ቃላት አስጠናሁ፦ «ኬርፉል» እና «ኬርለስ»፣ «ዩዝፉል» እና «ዩዝለስ»። በቂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ወደ «ቦርድ» እና «ቦሪንግ»፣ «ኢንተረስትድ» እና «ኢንተረስቲንግ»። የተሰጠን መጽሐፍ በሣጥን ከብቦ ያስቀመጠው ደንብ በ«ኢድ» የሚያልቀው ለሰው፣ በ«ኢንግ» የሚያልቀው ለነገር ነው ይላል። ይህን የሚሉ መማሪያ መጻሕፍት ጥቂት አይደሉም። ደንቡ ስሕተት ነው። ሰውም አሰልቺ፣ አስፈሪ፣ ግራ አጋቢ ይሆናል፤ ፊልሙን «ቦሪንግ» ያሰኘው ቅጥያ አለቃንም «ቦሪንግ» ያሰኛል።

አንዲት ተማሪዬ በጽዳት ሥራ ትተዳደራለች። አዲስ ተቆጣጣሪ መጣባቸውና ዛሬ ያዘዘውን ነገ እየሻረ አስቸገራቸው። ድርጅቱ ስለ ሰውዬው በጽሑፍ አስተያየት ሲጠይቅ፣ ትጉ ናትና ደብተሯን ገልጣ ደንቡን አየች። ተቆጣጣሪው ሰው ነው፤ ስለዚህ «ኮንፊውዝድ» ብላ ጻፈች። ግራ ያጋባናል ማለት ፈልጋ፣ ግራ የገባው ሰው ነው፣ የሚሠራውን አያውቅም የሚል ወረቀት አስገባች። ቢሮ ጠርተው ጠየቋት። በእንግሊዝኛ ማስረዳት አልቻለችም። ከዚያ ወዲህ የትርፍ ሰዓት ሥራ አልሰጧትም። የወረቀቱን ቅጂ ይዛ መጥታ «ማኤስትራ፣ ምን ብዬ ነው የጻፍኩት?» አለችኝ።

ምንም አላጠፋችም። የተማረችውን ደንብ ቃል በቃል ነው የፈጸመችው። ስፓኒሽዋም አላሳሳታትም፤ «ኖስ ኮንፉንዴ»፣ ግራ ያጋባናል፣ ከሚለው ከራሷ ቋንቋ ተነሥታ ቢሆን «ኮንፊውዚንግ» ላይ ትደርስ ነበር። ያሳሳታት ሣጥኑ ነው።

ደንቡ እንዲስተካከል አስተባባሪውን ጠየቅሁ። «ፈተናው ላይ የሚመጣው እንዲህ ነው» አለኝ። ጫናውን አውቃለሁ፤ በ2014 የወጣው የአሜሪካ የሰው ኃይል ሕግ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠሩ የጎልማሶች ትምህርት ፕሮግራሞችን የተማሪዎቻቸውን መሻሻል በመለኪያ እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ግን ፈተናው የሚጠይቀው «ፊልሙ አሰልቺ ነበር»፣ «እኔ ሰልችቶኝ ነበር» ዓይነቱን ነው፤ ትክክለኛውን ደንብ የያዘም ይመልሰዋል። ማንም ነጥብ አያጣም። ይህንኑ ጽፌ ሰጠሁ፤ መልስ አላገኘሁም። ይልቅ ክፍሌን ሊያዩ መጥተው ስፓኒሽ መጠቀሜን ጉድለት ብለው መዘገቡት፤ በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ የሚል መመሪያ አለና። አንዲት ሠራተኛ እንጀራዋ የተነካበት ደንብ ሳይነካ፣ ደንቡን ለማቃናት የተነገረ አንድ የስፓኒሽ ግስ ጥፋት ሆነ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

መመሪያውን ተዉትና እንዲህ አድርጉ። ስፓኒሽ ተናጋሪ «ኤስቶይ አቡሪዶ» ሲል ሰልችቶኛል ማለቱ ነው፤ «ሶይ አቡሪዶ» ሲል ደግሞ አሰልቺ ሰው ነኝ። ቅጽሉ አንድ ነው፤ የሚለወጠው «ነኝ» የሚለው ግስ ነው። እንግሊዝኛ በተቃራኒው ግሱን ሳይነካ የቅጽሉን ጫፍ ይለውጣል። «አይ አም ቦሪንግ» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሥራ ሊጠይቁ ገብተው «አይ አም ቬሪ ኢንተረስቲንግ» የሚሉትም እንዲሁ። ስለዚህ ከቅጽሉ አትጀምሩ፤ ከግሱ ጀምሩ። «ሜ አቡሬ»፣ ያሰለቸኛል። «ሜ ኢንቴሬሳ»። «ሜ ካንሳ»፣ ያደክመኛል። የሚያሰለቸው፣ ሰውም ይሁን ነገር፣ «ኢንግ» ይወስዳል፤ የሚሰለቸው «ኢድ»። አማርኛ ተናጋሪ መምህር እዚህ ላይ ይታደላል፤ አሰልቺና የሰለቸው፣ አስፈሪና የፈራ ብለን ለይተን ስለምንናገር ልዩነቱ የት እንዳለ ሳንፈልግ ይታየናል። በዚህ መንገድ ያስተማርኳቸው ተማሪዎች ሲሳሳቱ ራሳቸው «ሜ» ብለው ጀምረው ያርማሉ፤ በዚህ እኮራለሁ።

ከዚያ አፍ ላይ ሥሩበት። «ኢድ» ተብሎ የሚጻፈው ሦስት ድምፅ አለው፦ «ሾክት»፣ «ቦርድ»፣ «ኤክሳይትድ»። የስፓኒሽ ቃል በተደራረበ ተነባቢ ማለቅ ስለማይወድ ተማሪው ትክክለኛውን ቃል መርጦም መጨረሻውን ይውጠዋል፤ አሠሪው የሚሰማው «አይ አም ኢንተረስት» ነው። እርሳስና ደብተር አስቀምጠው ሁለት ሁለት ሆነው ይጠያየቁ፤ የመጨረሻው ድምፅ ካልተሰማ ጓደኛው አይመልስለት።