ሰማያዊው ቀለም ሲያታልለኝ የከረመበት ባትሪ

የፖሊአኒሊን (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፖሊመር፣ የፕላስቲክ ዘመድ) እና የዚንክ ባትሪዬ ባለፈው ሳምንት 100ኛውን ዑደት፣ ማለትም ሞልቶ ባዶ መሆንን፣ ጨረሰ። ከመጀመሪያ ቀን አቅሙ ከአምስት እጅ አራቱን ያህል አሁንም ይይዛል። ለባለሙያ ይህ ምንም አይደለም፤ ከዚህ በፊት 30 ዑደት ተሻግሬ ለማላውቀው ለእኔ ግን ሳልጽፈው የማድር ጉዳይ አልሆነም።

ፖሊአኒሊኑ ስለሚዘጋጅበት መንገድ ብዙ አልልም። ጥሬ ዕቃውን አኒሊንን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟሙቶ በበረዶ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ አሞኒየም ፐርሰልፌት ጠብ እያደረጉ መጨመር ነው። አረንጓዴ ዱቄት ይወጣል። አኒሊን መርዝ ስለሆነ ጭስ መሳቢያ በሌለበት ክፍል አትንኩት።

መከራዬ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው ቁጥር ነበር (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል)። ፖሊአኒሊን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ከአሲድ የወሰደውን ፕሮቶን እስከያዘ ድረስ ነው፤ ፒኤች ከ4 በላይ እየወጣ ሲሄድ ፕሮቶኑን ይለቅና ይደነዝዛል። ዚንክ ደግሞ በአሲድ ውስጥ ሃይድሮጂን እያወጣ ይበላል። እሳትና ጭድን በአንድ ጎጆ ማኖር ማለት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በጃፓን ለገበያ የቀረበው የፖሊአኒሊን ባትሪ ይህ ጠብ አልነበረበትም፤ ተጣማሪው ሊቲየም ነበር፣ ውሃም አልነበረበትም።

የባሰው ደግሞ ጠቡ ራሱን ማባባሱ ነው። ዚንኩ ሃይድሮጂን ባወጣ ቁጥር አሲዱ ይቀንሳል፣ ፒኤች ይወጣል፣ ፖሊመሩም ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ይዞራል። እኔ ግን ሰማያዊ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር! ፖሊአኒሊን ኃይል ሲሞላም ወደ ሰማያዊ ስለሚሄድ «ሞልቷል» ብዬ እተወዋለሁ። አቅሙ ሲያንስብኝ የመሙያውን ቮልቴጅ ወደ 1.7 ከፍ አደረግሁት። ፖሊመሩ ከልክ በላይ ኦክሲዳይዝ ሆኖ (ኤሌክትሮኖቹን ተነጥቆ) ተበላሸ፤ ከዚያ በኋላ አሲድም አልመለሰው። ሁለት ኤሌክትሮዶች (ፖሊመሩን የያዙ የባትሪ ዋልታዎች) በዚህ ሞኝነት ጣልሁ።

ያዳነኝ ውድ መሣሪያ አይደለም። ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ መስታወት ቁራጭ ላይ ስስ የፖሊአኒሊን ሽፋን አድርጌ ከዋናው ኤሌክትሮድ ጋር በሽቦ አያያዝሁት፤ ዋናው ከካርቦን ጋር ስለተደባለቀ ጥቁር ነው፣ ቀለሙ አይነበብም። ባትሪው ኃይሉን ጨርሶ ቁራጩ አሁንም ሰማያዊ ከሆነ አውጥቼ ቀጭን አሲድ ውስጥ እነክረዋለሁ። ወዲያው አረንጓዴ ከሆነ ጥፋተኛው ፒኤች ነው። ፒኤች መለኪያ አለኝ፤ ነገር ግን ከእሱ ይልቅ ይህችን ቁራጭ አምናለሁ።

ሳላነሳው የማላልፈው አንድ ነገር አለ፦ ስለ ፖሊአኒሊን አቅም የምትጽፉ ሰዎች፣ በግራም 294 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለውን ቁጥር እየጠቀሳችሁ አታስጎምጁን። ይህ እያንዳንዱ የአኒሊን ክፍል አንድ ሙሉ ኤሌክትሮን ይሰጣል ተብሎ የተሰላ ነው፤ እስከዚያ የተገፋ ፖሊመር በውሃ ውስጥ አይከርምም። ግማሹ፣ 147፣ የሐቅ ግብ ነው። እኔ 90 አካባቢ ነኝ። ፖሊመሩ ሲሞላ ከኤሌክትሮላይቱ (ከባትሪው ፈሳሽ) የሚወስደውን ክሎራይድ ክብደት ደግሞ ማንም አይቆጥረውም፣ እኔም ጭምር።

አሁን ኤሌክትሮላይቴ የዚንክ ክሎራይድና የአሞኒየም ክሎራይድ ድብልቅ ነው፤ ከ1.5 ቮልት በላይ አልሞላም። ዱቄቱንም በውሃ ብቻ እየደጋገምሁ ማጠብ ትቻለሁ፤ ውሃው ራሱ ፕሮቶኑን እያጠበ ይወስድብኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን 100 ዑደት የደረስሁት በየሳምንቱ አንድ ጠብታ አሲድ እየጨመርሁ ነው። መፍትሔ ብዬ ልጠራው አፍራለሁ። የሰልፎኒክ አሲድ ክፍል በራሱ ላይ የተሸከመ ፖሊአኒሊን ከፍ ባለ ፒኤችም እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ያገኘሁት በውሃ የሚሟሟና ከካርቦኑ ላይ የሚታጠብ ነገር ነው። ከካርቦኑ ጋር አጣብቆ ያቆየው ሰው ካለ፣ እባካችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልኝ።