ፈረሶቹስ ጠጡ?

እንኳን ለኛ ለቤተ እስራኤሎች የስግድ በዓል አደረሳችሁ! ፆሙን በሰላም ያስፈታን። የቤር ሼቫ ልጆች፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው አውቶቡስ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሳል፣ እንደ አምናው እንዳታስጠብቁን (ራሳችሁን ታውቃላችሁ)።

ዘንድሮ አባባ የለም። ስግድ ሲቃረብ ሁሌ ከተማችን ያለው የእንግሊዞች የጦር መቃብር ጋ ሄደን ቁጭ እንል ነበር፣ ጥላ ስላለው እንጂ ለሌላ አይደለም። አንዴ "እነዚህ እነማን ናቸው?" ሲለኝ ከስልኬ ላይ አነበብኩለት። በ1917 በፈረንጆቹ እንግሊዝና ቱርክ ፍልስጤምን ሲነጣጠቁ፣ እንግሊዝ ጋዛ ላይ በማርችና በአፕሪል ሁለቴ ተመትታ ተመለሰች፣ ከዛ ጄኔራል አለንቢ በጎን በቤር ሼቫ ልዙር አለ፣ ግን አገሩ በረሃ ነው፣ ያን ሁሉ ሰውና ፈረስ የሚያጠጣው የዚህ ከተማ ጉድጓድ ነው፣ ኦክቶበር 31 ሳይመሽ ካልተያዘ ውሃ ፍለጋ ወደኋላ መመለስ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ 800 የሚሆኑ የአውስትራሊያ ፈረሰኞች፣ ጎራዴ እንኳን የላቸውም፣ ሳንጃ በእጃቸው ይዘው ምሽጉ ላይ ጋለቡ። ከነሱ 31 ሞቱ። የቱርኮቹ አዛዥ ኢስመት ቤይ አምልጦ በኋላ የአገሩ ፕሬዚዳንት ኢስመት ኢኖኑ ሆነ፣ ለአባባ ግን ይሄ ምኑም አልነበረም።

"ፈረሶቹስ ጠጡ?" አለኝ።

ጉድጓዶቹ ፈንጂ ተጠምዶባቸው ነበር፣ አብዛኞቹ ሳይፈነዱ ተያዙ፣ ጠጡ አባባ አልኩት። ዝም አለ። በኛ በ1976 ወደ እስራኤል ለመምጣት ከጎንደር ወደ ሱዳን ሲወርዱ በቅሎው በውሃ ጥም መንገድ ቀርታበታለች። በዛ መንገድ እነማንን እንደቀበረ እናውቃለን፣ እሱ ግን ስለ ሰዎቹ ማውራት ስለማይሆንለት ዕድሜውን ሙሉ ስለ በቅሎዋ ነው ያወራን፣ የግራ ጆሮዋ ጫፉ የተተለተለ እንደነበር ሳይቀር። ከዛ በኋላ በየዓመቱ ረስቶት ይሁን አውቆ እንጃ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል፣ እኔም "ጠጡ" እላለሁ።

ታች ፎቅ ያለሽው ሩሲያዊቷ ጎረቤታችን፣ ከስራ ስትገቢ ጫማሽን ሳታወልቂ መጥተሽ ፕሬሸሩን ስትለኪለት የነበርሽው፣ አማርኛ ባታነቢም ልጄ ይነግርሻል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የአክስቴ ልጅ፣ ከሚሉኢም (ከተጠባባቂ ጦር አገልግሎት) በመጣህበት ዩኒፎርም ተሸክመህ አራት ፎቅ ያወረድከው፣ አንተን በምን ቃል እንደማመሰግን አላውቅም። "እንመጣለን" እያላችሁ የቀራችሁ ዘመዶችም እንኳን አደረሳችሁ፣ ነገ ቂም የለም፣ ከነገ ወዲያ እናያለን።

ጃንጥላውን ለኔ ነው የተወው፣ ጥቁሩን፣ እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለውን። ኢየሩሳሌም ላይ ካያችሁት ከስሩ ግቡ። ውሃም ይዣለሁ፣ ፆሙ ሲፈታ ነው ታዲያ።