የኮሮላዬን የሲቪ ጎማ ግቢ ውስጥ ቀየርኩት

ከወንጂ ስመለስ የግራ ፊት ጎማ አየር አንሶብኝ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ጎሚስታ ጋ ቆምኩ፣ ልጁ እየሞላልኝ «ወንድሜ ይሄ ግራሶ ከየት መጣ?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የቸርኬው የውስጥ ጎን በግራሶ ተረጭቷል፣ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሬ በስልክ መብራት ሳየው የሲቪው ጎማ ተተርትሯል። ጎማ ስል የሚሽከረከረውን አይደለም፣ ሲቪውን የሚሸፍነውን እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈውን ላስቲክ ነው። ሲቪ ማለት ከካምቢዮ ወደ ጎማ ጉልበት የሚወስደው ዘንግ (አክስሉ) ጫፍ ላይ ያለው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ነው።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ መኪናውን እንኳን ሳያነሱት «ሙሉ አክስሉ ይቀየር» አሉኝ። አክስሉ ከላስቲኩ ጋር በዋጋ አይገናኝም፣ ያውም የሚያመጡልህ ያገለገለ ነው፣ ስንት ኪሎሜትር እንደሄደ ማን ያውቃል? ስለዚህ ሰው የሌለበት ሜዳ ሄጄ መሪውን ሙሉ አዙሬ ቀስ እያልኩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞርኩ፣ ሲቪ ሲበላ የሚያሰማው ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ የለም። ድምፅ ከሌለ ውስጡ ያሉት 6 ኳሶች ገና አልተበሉም ማለት ሊሆን ይችላል፣ ላስቲኩ ብቻ ይበቃዋል አልኩና ኪቱን ገዛሁ።

መኪናዋ የ1998 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ አባቴ ነው የሰጠኝ፣ እና እውነቱን ለመናገር በማላውቀው እጅ እንድትፈታ አልፈለግኩም።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ጀመርኩ። የአክስሉን ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እያለ ነው ማላላት፣ 30 ቁጥር ቡሶላ ይፈልጋል፣ ታናሽ ወንድሜ ፍሬን ረግጦልኝ ረጅም ቧንቧ አስገብቼ ስጫነው እንኳን ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ ነው የታገለኝ። ከዛ በክሪክ አንስቼ ስታንድ አስገባሁ፣ ከስሩ ደሞ ትርፍ ጎማውን ከነቸርኬው አጋደምኩ። እባካችሁ በክሪክ ብቻ ወይ ድንጋይ ደርድራችሁ ስር እንዳትገቡ። ቦል ጆይንቱ ከታችኛው አርም ጋር በ1 ቡሎንና በ2 ዳዶ ነው የተያዘው፣ እሱ ሲፈታ እግሩን (ጎማው የሚታሰርበትን ክፍል) ወደ ውጭ ስቦ አክስሉን ማውጣት ነው፣ ብቻ የፍሬን ዘይት ቱቦው እንዳይወጠር።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ በዚች መኪና የውጩ (በጎማው በኩል ያለው) ሲቪ አይፈታም፣ የውጩም ላስቲክ የሚገባው ከውስጥ፣ በካምቢዮው በኩል ነው፣ እዛ ጫፍ ላይ ያለችውን ባለ ሦስት ሮለር መገጣጠሚያ አውጥተህ። የውስጡን ፋሸታ (ላስቲኩን የሚያስረውን ቀለበት) ፈትቼ አክስሉን ስስበው የሮለሯ ቤት ካምቢዮው ላይ ስለቀረች ዘይትም አልፈሰሰብኝ። ሮለሯ በነበረችበት አቅጣጫ እንድትመለስ በእህቴ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩ፣ በፖንሶ (በሹል ምልክት መምቻ ብረት) ከመቀጥቀጥ ይሻላል።

አሁን ያናደደኝን ልንገራችሁ። አሮጌው ላስቲክ አርጅቶ አይደለም የተቀደደው። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ሲሰራ ፋሸታ አጥተው ነው ወይስ ሰስተው በሽቦ አስረውታል፣ ሽቦው እየበላ እየበላ አንገቱን እንደ ቢላ ቆርጦታል። የገባውም ግራሶ ቢጫው ተራ ግራሶ ነው፣ ለሲቪ የሚሆነው ሞሊብዲነም ያለው ጥቁሩ ነው። ትንሽ ወስጄ በሁለት ጣቴ መሃል ሳሸው ሻካራ ነው፣ አሸዋ። የአዳማን አቧራ ታውቁታላችሁ፣ በተለይ በበጋ ንፋሱ ሲነሳ፣ እሱ ከግራሶ ጋር ሲቀላቀል ኳሶቹን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቃቸው፣ ጥቂት ሳምንት ብቆይ የጋራዡ ሰዎች ያሉት አክስል እውነትም ያስፈልገኝ ነበር።

ስለዚህ ረጅሙን ጊዜ የወሰድኩት ማጠቡ ላይ ነው። እማዬ ቡና ልታፈላ ስለነበር ከሰሉን ወደ ጓሮ እንድትወስድልኝ ለመንኳት፣ ከዛ በቤንዚን ሲቪውን እያጠፍኩ እየዘረጋሁ የሚወርደው ጥርት እስኪል አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ አደረቅኩት። ኳሶቹን አንድ በአንድ እያዞርኩ ሳያቸው ይንፀባረቃሉ፣ ጉድጓድ የለ ጭረት የለ። ደስታዬን አልነግራችሁም!

የአክስሉ ጥርስ አዲሱን ላስቲክ እንዳይቀደው በፕላስተር ጠቅልዬ አሳለፍኩት፣ ከኪቱ ጋር የመጣውን ግራሶ አንድም ሳላስቀር ግማሹን ኳሶቹ መሃል በጣቴ ጠቀጠቅኩ፣ የቀረውን ላስቲኩ ውስጥ። ፋሸታውን ከማጥበቅ በፊት ቀጭን ካቻቪቴ ከከንፈሩ ስር አስገብቶ የታመቀውን አየር ማስወጣት ነው፣ ካልሆነ ላስቲኩ ወይ ይነፋል ወይ ወደ ውስጥ ይጠባል፣ እጥፋቱ እርስ በርሱ እየተፋጨም ቶሎ ያልቃል። ዳዶው ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ስለሚጠብቅ ቶርክ መፍቻ ከጎረቤታችን ከጋሼ ተዋስኩ፣ ድሮ ሹፌር ስለነበሩ እራሳቸው ይዘውት መጥተው «ልጄ የዳዶውን መቆለፊያ ሽቦ አሮጌዋን እንዳትመልስ» ብለው ቆመው አሳሰሩኝ።

9 ሰዓት ላይ ጨረስኩ፣ ማታውን ሶደሬ ደርሼ ተመለስኩ፣ ቸርኬው ንፁህ ነው። የቀኙን ሳየው አልተቀደደም ግን እጥፋቱ ውስጥ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ አለ፣ ኪቱን ገዝቼ አስቀምጫለሁ።