ሐሳቡ አሪፍ፣ ፊልሙ እስከ እኩሌታው

ቅዳሜ ማታ ጓደኞቼን ቤት ጠርቼ ፊልም አሳያለሁ። መራጩም እኔ፣ ስድቡን የምቀበለውም እኔ። አንድ ቀን «ማንም ሰው መዋሸት የማይችልበት ዓለም ነው፣ አንድ ሰውዬ ብቻ ድንገት መዋሸት ይጀምራል» ስላቸው ገና ሳይከፈት ሳቁ። ሪኪ ጀርቬስ ከማቲው ሮቢንሰን ጋር ጽፎ ያዘጋጀው፣ ራሱም የተወነበት በፈረንጆቹ 2009 የወጣ ኮሜዲ ነው፤ «ዘ ኢንቬንሽን ኦፍ ላይንግ» ይባላል። መጀመሪያ ላይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወደ መጨረሻው ግን ግማሹ ስልኩን ይጎረጉራል፣ አንዷማ ቡና ላፍላ ብላ ተነሳች።

ነገሩ ከነከነኝ። በማግስቱ ብቻዬን ደገምኩት፣ ደብተር ይዤ። መጀመሪያ የሳቅኩባቸውን ቦታዎች ቆጠርኩ፣ አላዋጣም፤ ሁለተኛ ሲታይ ማን ይስቃል? ስለዚህ ዘዴ ቀየርኩ። እያንዳንዱ ትዕይንት ላይ አቁሜ «ይሄ ነገር ሰው በሚዋሽበት በእኛ ዓለምም ሊሆን ይችላል?» ብዬ ጠየቅኩ። አይችልም ካልኩ ጭረት፣ ይችላል ካልኩ ዜሮ።

የመጀመሪያው ክፍል ደብተሩን በጭረት ሞላው። ሰውዬው፣ ማርክ፣ የፊልም ጸሐፊ ነው፤ ግን ውሸት ከሌለ ልብ ወለድም የለም፣ ስለዚህ እዚያ አገር ፊልም ማለት አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ታሪክ ሲያነብ ነው። ለማርክ የደረሰው ደግሞ 14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወረርሽኙ። የፔፕሲ ማስታወቂያ ኮካ ሲጠፋ ጠጡን ይላል። እኔ ከሁሉ የምወደው ባንኩን ነው። ለቤት ኪራይ 800 ዶላር ያስፈልገዋል፣ ሂሳቡ ላይ ያለው 300 ነው፣ ሲስተም የለም። ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ ስንት አለህ ስትለው 800 ይላታል። ወዲያው ሲስተሙ ተመልሶ 300 ሲያሳይ ልጅቷ ማሽኑ ነው የተሳሳተው ብላ 800ውን ቆጥራ ትሰጠዋለች። «ሲስተም የለም» እየተባለ ባንክ ውሎ የሚያውቅ ሰው ይሄን እንዴት እንደሚያየው አስቡት።

እናቱ የምትሞትበት ቦታ ላይ ሦስት ጭረት አድርጌያለሁ። ሞት ባዶነት ነው ብላ ስትፈራ፣ የምትወጃቸው ሁሉ የሚጠብቁሽ ቦታ አለ ይላታል፣ ነርሶቹም ይሰማሉ። ከዚያ ዓለም ሁሉ በሩ ላይ ይሰለፋል፣ እሱም አሥር ደንቦችን ፒዛ ካርቶን ላይ ጽፎ ይወጣል። ሃይማኖተኛ ጓደኞቼን ይሄ ትንሽ ጎርብጧቸዋል፣ እውነታቸውን ነው።

ዜሮው የሚበዛው ከዚያ በኋላ ነው። የሚወዳት አና ወፍራም ነህ፣ አፍንጫህ ድፍጥጥ ነው፣ ልጆቼ አንተን ይመስላሉ ትለዋለች። መልከ መልካም ተቀናቃኝ ይመጣል። ሠርጓ ላይ ይደርሳል። ይሄን ስንት ፊልም ላይ አየነው? ለፍትሕ ያህል አንድ ጭረት አለው፤ ዋሽቶ ሊያገባት እየቻለ እምቢ ይላል።

የከፋው ስንጥቅ ግን ገና ከመጀመሪያው የነበረ ነው፣ እኔም ያየሁት በሦስተኛው ዙር ነው። መዋሸት አለመቻልና አፍን መዝጋት አለመቻል ምን አገናኛቸው? አስተናጋጁ ማንም ሳይጠይቀው እዚህ መሥራቴ ያሳፍረኛል ይላል። ለምን? ዝም ማለት እኮ ውሸት አይደለም። አክስቴ ዋሽታ አታውቅም፤ ወጡ ጨው ሲበዛበት «እጅሽ ይባረክ» ትልና ውኃ ትጠይቃለች። ይሉኝታ፣ ዝምታ፣ ሰምና ወርቅ፣ እነዚህ ሁሉ ውሸት በሌለበት ዓለምም መኖር ይችሉ ነበር፣ ምናልባትም ከባንኩ በላይ ያስቁ ነበር። ፊልሙ ያንን በር አንኳኩቶም አያውቅም።

አሁን ፊልም ስመርጥ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ዘልዬ ከዚያ በኋላ ያለውን አሥር ደቂቃ አያለሁ። መጨረሻውን ማወቄ አይቀርም፣ ግን ከመዋረድ ይሻላል። ሐሳቡንም አስቀድሜ አልናገርም፤ ያን ዕለት ምርጡን ቀልድ እኔው ራሴ በሩ ላይ ጨርሼባቸው ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ስልኩን ሲጎረጉር ያመሸው ልጅ «ኧረ ተው፣ እስከ መጨረሻው አሪፍ ነበር» አለኝ። ደብተሩን አውጥቼ ዜሮ ጻፍኩለት።