እሬት ለሶሪያሲስ ይሠራል ወይ?

ባሕር ዳር ውስጥ ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ የያዘው ሰው ምክር አያጣም። የእህቴ ክርን ላይ ያ ነጭ ቅርፊት ከወጣ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆኗል፤ አንዷ እሬት ትላለች፣ ሌላዋ ፌጦ፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት። ከልባቸው ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን እሬት በደንብ ተፈትኖ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።

ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት 60 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፈለና ግማሹን እሬት ያለበት ክሬም፣ ግማሹን እሬት የሌለበት አስቀባ። እሬት ከተቀቡት 30 ሰዎች 25ቱ ዳኑ፣ ከሌሎቹ 2 ብቻ። ደስ ይላል አይደል? በ2005 ግን ዴንማርክ ውስጥ በ41 ሰዎች ላይ ተሞከረ፤ በአንዱ ጎን የእሬት ጄል፣ በሌላው ጎን እሬት የሌለው። በአራት ሳምንት ውስጥ እሬት ከተቀባው ቦታ 72.5 በመቶው ተሻለው። እሬት ያልነካውስ? 82.5 በመቶ!

እኔን ያሳመነኝ ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም የሚወዳደሩት የአንድ ሰው ሁለት ጎኖች ናቸው። ሶሪያሲስ በራሱ ጊዜ ይነሳል፣ በራሱ ጊዜ ይበርዳል። ማንኛውም ማለስለሻ ቅርፊቱን ያላላዋል፣ ፀሐይም ለብዙ ሰው ይረዳል፤ በዚያ ሰሞን የጣና ዳር ፀሐይ እየሞቅሽ እሬት ከተቀባሽ ምስጋናው ለእሬቱ ይሄዳል።

ተክል ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በ2008 ታይዋን ውስጥ ኢንዲጎ ከሚባለው ሰማያዊ ቀለም ከሚሰጡ ተክሎች የተሠራ ሰማያዊ ቅባት በ42 ሰዎች ላይ እንዲሁ ጎን ለጎን ተፈትኖ ኢንዲጎ የሌለበትን ቅባት በግልጽ በልጧል።

የሚያስፈራኝ የሚያቃጥለው ነገር ነው። እህቴ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ክንዷ ላይ አስራ አደረች፤ ጠዋት ጨርቁን ስትፈታው ቆዳዋ ውሃ ቋጥሯል። ቁስሉ ሲደርቅ፣ ድሮ ንጹሕ በነበረው ቦታ ላይ አዲስ ቅርፊት ወጣ። ሐኪሞች ይህን የኮብነር ክስተት ይሉታል፤ ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ቆዳው ሲቆስል ወይም ሲቃጠል በሽታው እዚያው ሊወጣ ይችላል። እባካችሁ፣ የሚያቃጥል ነገር አትምከሩ።

እሬት መሞከር የፈለገ ቅጠሉን ቆርጦ ያ መራራ ቢጫ ውሃ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ይጠብቅ፣ እሱ ቆዳ ያሳክካል። ከዚያ ውስጡን ዝልግልግ በአንድ ክርን ላይ ብቻ፣ በሌላው ቫዝሊን ይቀባና ሁለቱንም በስልኩ ፎቶ ያንሳ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን ለዚህ ብሎ አያቋርጥ።